አቋራጭ ቁልፎች ጊዜ ያባክናሉ ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የቢሮ ሠራተኞች ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደርሶ አነበብሁት። መልእክቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ የኪቦርድ አቋራጮችን፣ ማለትም በማውስ ፈንታ ትእዛዝ የሚሰጡ የቁልፍ ጥምሮችን፣ እንዲሁም ከላይ የተሰለፉትን የኤፍ ቁልፎች ለመማር የሚጠፋው ጊዜ ቁልፎቹ ከሚያተርፉት ይበልጣል፤ ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች ለአዳዲስ ሠራተኞች በሚሰጡት የኮምፒውተር ሥልጠና ለዚህ የሚመደበው ሰዓት ይሰረዝ። ጸሐፊው ስድስት ምክንያቶች ያቀርባሉ። ቁልፎቹ ማውስ ያልነበረበት ዘመን ቅሪት ናቸው፤ የሚያተርፉት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ የአፕል ባለሙያዎች ራሳቸው ማውስ እንደሚፈጥን በሰዓት ለክተው አረጋግጠዋል፤ መቶ አቋራጭ መሸምደድ የሚችል ሰው የለም፤ በስሕተት የተነካ ቁልፍ የተሠራ ሥራ ያጠፋል፤ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ አይጠቅሙም።

እኔ የምተዳደረው ጸሐፊዎችን፣ የሒሳብ ሠራተኞችንና የመዝገብ ቤት ሠራተኞችን ወርድና ኤክሴል በማስተማር ነው። ያ ሰዓት ቢሰረዝ ማን እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ኮምፒውተር እየነካካ ያደገ ወጣት አይጎዳም፤ ከጓደኛው ይማረዋል። የሚጎዳው ኮምፒውተርን ለመጀመሪያ ጊዜ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያገኘው፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያሳየው ሰው የሌለው፣ ልጠይቅ ቢል መሳለቂያ እንዳይሆን የሚሰጋው ሠራተኛ ነው። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉ አልጠራጠርም፤ ትክክል የሆኑበትም ቦታ አለ፤ ያንንም እናገራለሁ። መደምደሚያቸው ግን ሰው የሚጎዳ ስለሆነ በዝምታ ማለፍ አልቻልሁም።

ከመጀመሪያው ልነሣ። «ማውስ ያልነበረበት ዘመን ቅሪት» የሚለው በታሪክ ትክክል አይደለም። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ተመራማሪ ዳግላስ ኤንግልባርት ማውስን በሳን ፍራንሲስኮ ለታዳሚ ያሳዩት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ነው። አይቢኤም ከኤፍ 1 እስከ ኤፍ 10 ያሉትን ቁልፎች በግራ በኩል የደረደረበትን የግል ኮምፒውተር ለገበያ ያወጣው በ1981 ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቃቸው አሥራ ሁለቱ ከላይ በአንድ ረድፍ የተሰለፉት በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ጠረጴዛችን ላይ ካሉት ከእነዚህ ቁልፎች ይልቅ ማውስ በዕድሜ ይበልጣል።

ከዕድሜው በላይ ግን የዚያ ቀን ትዕይንት ራሱ ብዙ ይናገራል። ኤንግልባርት ቀኝ እጃቸውን ማውሱ ላይ ሲያደርጉ ግራ እጃቸው ባዶውን አልተቀመጠም፤ አምስት ቁልፎች ባሉት ትንሽ መሣሪያ ላይ ነበር። ቀኙ ቦታውን ያመለክታል፤ ግራው ትእዛዙን ይሰጣል። ማውስን ያስገኙት ሰው ማውስ ብቻውን እንዲሠራ አላሰቡም ማለት ነው። ዛሬ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው የመቁረጥ፣ የኮፒና የፔስት ቁልፎችም የመጡት ከዚሁ አስተሳሰብ ነው። ላሪ ቴስለር ቆርጦ መለጠፍን ከባልደረባቸው ከቲም ሞት ጋር በ1970ዎቹ አጋማሽ በዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል አዳበሩት፤ ቆየት ብለውም ወደ አፕል ሄደው በ1983 በወጣው ሊሳ ኮምፒውተር ላይ ሠሩ። በሊሳ ላይ ለእነዚህ ትእዛዞችና የመጨረሻውን ድርጊት ለመመለስ የተመረጡት ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲና ቪ በኪቦርዱ የታችኛው ረድፍ በግራ በኩል ጎን ለጎን የሚገኙ ናቸው፤ ቀኝ እጅ ማውሱን ሳይለቅ ግራ እጅ ይደርስባቸዋል። ስለዚህ ጸሐፊው ማውስና አቋራጭ ቁልፍን እንደ ተቀናቃኝ አቁመው አንዱን በሌላው ሊጥሉ ሲሞክሩ፣ ከመጀመሪያው ተባብረው እንዲሠሩ የተፈጠሩትን ሁለት ነገሮች ማጣላታቸው ነው። ወርድፐርፌክት የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም በነገሠበት ጊዜ ጸሐፊዎች የኤፍ ቁልፎችን ትርጉም የያዘ ካርቶን ኪቦርዳቸው ላይ አድርገው ይሠሩ እንደነበር መጥቀሳቸው ግን እውነት ነው። ያኔ ቁልፉን ያላወቀ ሰው ሥራው ይቆም ነበር። ዛሬ አብዛኛው ትእዛዝ በሜኑም በቁልፍም ይገኛል፤ ማንም አይገደድም።

ሁለተኛው ምክንያታቸው የሁሉም ምሰሶ ነው፤ «ሁለት ሰከንድ ጊዜ አይባልም» ይላሉ። ይህ በግምት የሚባል ሳይሆን የተለካ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ስቱዋርት ካርድ፣ ቶማስ ሞራንና አለን ኒዌል ሰው በኮምፒውተር ሲሠራ የሚያደርጋቸውን ጥቃቅን እንቅስቃሴዎች በሰከንድ ተምነው አሳትመዋል። እጅን ከኪቦርድ ወደ ማውስ ማዛወር 0.4 ሰከንድ፤ ጠቋሚውን ወደሚፈለገው ቦታ ማድረስ 1.1 ሰከንድ፤ አንድ ቁልፍ መምታት ሙያው ጽሕፈት ባልሆነ መካከለኛ ሰው እጅ 0.28 ሰከንድ፤ ቀጥሎ ምን ላድርግ ብሎ ማሰብ 1.35 ሰከንድ። በዚህ ስሌት አንድን ቃል ለማድመቅ እጅን ወደ ማውስ ወስዶ ምልክቱን ጠቅ አድርጎ መመለስ 2.2 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ኮንትሮልና ቢን መምታት ግን ከ0.6 ሰከንድ አያልፍም። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ቢደጋገም የሚተርፈው ከአምስት ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ምላሽ ለመጻፍ አልነሣም ነበር።

ጸሐፊው የለኩት ግን አንድ ዓይነት አቋራጭ ብቻ ነው፤ የአንዲት ጠቅታን ቦታ የሚወስደውን። ሌላው ዓይነት ጠቅታን አይተካም፤ ሥራውን ራሱን ያስቀራል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላሳይ።

አንድ መዝገብ ቤት የቆዩ ደብዳቤዎችን ስካን አድርጎ ኮምፒውተር ላይ አስገባ እንበል። ስካነሩ ለእያንዳንዱ ፋይል የሰጠው ስም ተራ ቁጥር ነው፤ ሠራተኛዋ እያንዳንዱን በደብዳቤው ቁጥርና በላኪው ስም መሰየም አለባት። በማውስ ስትሠራ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ ታደርጋለች፤ ከሚከፈተው ዝርዝር ስም መቀየሪያውን ትፈልጋለች፤ ጠቅ ታደርጋለች፤ እጇን ወደ ኪቦርድ ትመልሳለች፤ ትጽፋለች፤ ኤንተር ትመታለች፤ ከዚያ እንደገና ወደ ማውስ ሄዳ ሁለተኛውን ፋይል ትፈልጋለች። ኤፍ 2ን የምታውቅ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ፋይል መርጣ ኤፍ 2 ትመታለች፤ ስሙን ትጽፋለች፤ ታብ ትመታለች። ታብ ስሙን ያጸድቅና ወዲያው የሚቀጥለውን ፋይል ስም ለመጻፍ ዝግጁ አድርጎ ይከፍትላታል። ስም፣ ታብ፣ ስም፣ ታብ እያለች ፎልደሩን እስከ መጨረሻው ትወርዳለች። ዓይኗ ከወረቀቱ ወደ ስክሪኑ ብቻ ይመላለሳል፤ እጇ ከኪቦርዱ አይነሣም። ፋይሎቹ ሁሉ የአንድ ጉዳይ ከሆኑና በቁጥር ብቻ መለየት ከበቃቸው ደግሞ ሁሉንም በኮንትሮልና ኤ መርጣ ኤፍ 2 መታ አንድ ስም ጽፋ ኤንተር ስትመታ፣ ዊንዶውስ ያንኑ ስም ከነተራ ቁጥሩ ለሁሉም ይሰጣቸዋል። ይህን ሥራ በሁለት ሰከንድ ቁጠባ መለካት ሥራውን አለማየት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የደመወዝ ሰነድ ነው። በአንዱ ዓምድ የሠራተኞች ስም፣ በሚቀጥለው ደመወዛቸው አለ። ከሠራተኛው የሚቀነሰው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ስለሆነ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከሰንጠረዡ በላይ በሁለት ሴሎች፣ ማለትም በኤክሴል ሳጥኖች፣ ተጽፈዋል። የሒሳብ ሠራተኛው በመጀመሪያው ረድፍ ደመወዙን በ7 በመቶው ሴል የሚያባዛ ፎርሙላ ያስገባል፤ ውጤቱ ትክክል ነው። ፎርሙላውን ወደታች ሲጎትተው ግን ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ ዜሮ ወይም ትርጉም የሌለው ቁጥር ይመጣል። ምክንያቱ ኤክሴል ወደታች በወረደ ቁጥር የደመወዙን ሴል ብቻ ሳይሆን የመዋጮውንም ሴል አብሮ አንድ ደረጃ ስለሚያወርድ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ምን እንደሚያደርግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በየረድፉ ፎርሙላውን አዲስ ይጽፋል፤ ወይም ካልኩሌተር አውጥቶ እያሰላ ቁጥሩን በእጁ ያስገባል። መፍትሔው ኤፍ 4 ነው። ሴሉ ላይ ኤፍ 2 መትቶ ፎርሙላውን መክፈት፣ ጠቋሚውን የመዋጮው ሴል ስም ላይ ማድረግ፣ ከዚያ ኤፍ 4ን አንድ ጊዜ መምታት። ከዓምዱም ከረድፉም ስም ፊት የዶላር ምልክት ይገባል፤ ሴሉ ተቆለፈ፤ ፎርሙላው የትም ቢጎተት ከዚያች ሴል አይነቃነቅም። ደግሞ ቢመታ ረድፉ ብቻ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ዓምዱ ብቻ ይቆለፋል፤ በአራተኛው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን የሚያደርግ ምልክት በኤክሴል ሜኑ ላይ አይገኝም፤ ያለው ምርጫ የዶላር ምልክቱን እየፈለጉ በእጅ ማስገባት ነው። ስለዚህ ኤፍ 4 ከማውስ ጋር በሰከንድ የሚወዳደር ነገር አይደለም፤ የደመወዝ ሰነዱ ትክክል ሆኖ በወቅቱ መውጣትና አለመውጣት ነው።

ሌሎቹን በጥቂቱ ልጥቀስ። ሦስት ሺህ ረድፍ ያለውን ዓምድ በማውስ እየጎተቱ ለመምረጥ ሲሞከር ገጹ እየሸሸ አልፎ ይሄዳል፤ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና የታች ቀስትን አንድ ላይ መምታት ባዶ ሴል እስኪያጋጥም ድረስ በአንዴ ይመርጠዋል። ኦልትና የእኩል ይሆናል ምልክት ድምሩን ያመጣሉ። ብዙ ሴሎችን መርጦ አንድ ቃል ጽፎ ኮንትሮልና ኤንተር ሲመቱ ቃሉ በሁሉም ይገባል። በወርድ የመመረቂያ ጽሑፍ ማውጫ በሥርዓቱ ከተሠራ፣ ገጽ በተጨመረና በተቀነሰ ቁጥር ማውጫው ላይ ሆኖ ኤፍ 9 መምታት የገጽ ቁጥሮቹን ያስተካክላል። በየዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ባሉ የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች ተማሪዎች የገጽ ቁጥር በእጃቸው እየቆጠሩ ሲያርሙ ማየት ያሳዝነኛል፤ ከዚያ ድካም የሚያድናቸው አንድ ቁልፍ ነው።

ወደ ሦስተኛው ምክንያት ልለፍ፤ ከስድስቱ በጣም የሚከበረው ይህ ነው። ጸሐፊው የሚጠቅሱት የአፕል ባለሙያ ብሩስ ቶኛዚኒን ነው። ቶኛዚኒ እ.ኤ.አ. በ1989 እንደጻፉት፣ አፕል 50 ሚሊዮን ዶላር ያፈሰሰበት ምርምር ያሳየው ነገር አለ፤ ተፈታኞቹ ኪቦርድ እንደሚፈጥን ይናገራሉ፤ ሰዓቱ ግን ማውስ እንደሚፈጥን ያሳያል። ጥቅሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ማብራሪያውን ትተውታል። ቶኛዚኒ የሰጡት ምክንያት፣ የትኛውን ቁልፍ ልምታ ብሎ ለመወሰን ሁለት ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ ሰውየው በሐሳብ ተይዞ ስለሚቆይ ያ ጊዜ ማለፉን አያስተውልም የሚል ነው። ከላይ የጠቀስኋቸው ሦስቱ ተመራማሪዎችም ለማሰብ የመደቡት 1.35 ሰከንድ ከዚሁ ጋር ይገናኛል። እንግዲህ ጊዜ የሚበላው ቁልፉን መምታት ሳይሆን ቁልፉን ማስታወስ ነው። ኮንትሮልና ሲን ለመምታት የሚያስብ የቢሮ ሠራተኛ ግን የለም፤ ጣቱ ራሱ ይሄዳል። ጥናቱ የሚነግረን በደንብ ያልተለመደ አቋራጭ ከማውስ እንደሚዘገይ ነው፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ከዚህ ተነሥቶ የለመደውም ይዘገያል ማለት ግን አይቻልም። እንዲያውም ትክክለኛው ትምህርት፣ ጥቂት ቁልፎችን ማሰብ እስከማያስፈልግ ድረስ መለማመድ ነው።

ይህም ወደ አራተኛው ያደርሰናል። መቶ አቋራጭ መሸምደድ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጎን ነኝ። በየሥልጠናው የሚታደለው፣ ፊትና ኋላው በቁልፍ ስም የተሞላ ወረቀት ሰውን ከማስፈራራት በቀር የሚሠራው የለም። ሠልጣኙ አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ በዚያው ይቀራል። ነገር ግን ጸሐፊው የሚጠሉት ወረቀቱን ከሆነ ወረቀቱን መጣል ነው እንጂ ሰዓቱን መሰረዝ ምን አመጣው? ሠራተኛው በልምድ ራሱ ይደርስበታል የሚለው ተስፋም አይሠራም። የራይስ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሌንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት 251 ልምድ ያላቸው የወርድ ተጠቃሚዎችን ጠይቆ ነበር፤ አብዛኞቹ ለዓመታት ሠርተውም በየቀኑ ለሚደጋግሟቸው ትእዛዞች እንኳ ዘገምተኛውን መንገድ እንደሚጠቀሙ ደርሶበታል። ዓመታት ብቻቸውን አያስተምሩም። ሰው አንድ መንገድ ከያዘለት ሌላ አይፈልግም፤ የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል።

አምስተኛው በስሕተት ስለሚነካ ቁልፍ ነው። ስጋቱ እውነተኛ ነው። ሺፍትና ዲሊት አንድ ላይ ከተመቱ ፋይሉ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሳይገባ ይጠፋል፤ ለጀማሪ ባይነገረው ይሻላል። ኦልትና ኤፍ 4 ፕሮግራሙን ይዘጋል። ስክሮል ሎክ ሳይታወቅ ሲበራ በኤክሴል ቀስቶቹ ሴል መቀየር ትተው ገጹን ያንሸራትታሉ፤ ሠራተኛው ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የሚያስደነግጡት የማያውቃቸውን ሰው ነው። ሥልጠናውን መሰረዝ ቁልፎቹን ከኪቦርዱ ላይ አያነሣቸውም፤ ጣት ደግሞ ሰለጠነም አልሰለጠነም ይሳሳታል። ኮንትሮልና ዜድ የመጨረሻውን ድርጊት እንደሚመልሱ የሚያውቅ ሰው ድንጋጤው ይቀንሳል። ላፕቶፕ ላይም ኤፍ 2 ሲመቱ የስክሪኑ ብርሃን የሚቀንስባቸው ወይም ድምፁ የሚጠፋባቸው ሰዎች ቁልፉ አይሠራም ብለው ይተዉታል፤ ከታች በግራ ያለውን የኤፍኤን ቁልፍ አብሮ መጫን እንደሚያስፈልግ፣ በብዙ ላፕቶፖችም ኤፍኤንን ከኢስኬፕ ጋር መምታት ነገሩን በቋሚነት እንደሚያስተካክለው የነገራቸው የለም።

ሥራ ስለሚያጠፋ ነገር ከተነሣ ደግሞ፣ እዚህ አገር በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው ከየትኛውም ቁልፍ በላይ ሥራ የሚያጠፋው የመብራት መቋረጥ ነው። ወርድ ለመጠባበቂያ የሚያስቀምጠው ቅጂ ካልተቀየረ በቀር በየ10 ደቂቃው ነው፤ ፈጣን ጸሐፊ በ10 ደቂቃ ከአንድ ገጽ በላይ ይጽፋል። በአንቀጽ መጨረሻ ላይ ኮንትሮልና ኤስን መምታት የለመደ ጣት ያለው ሰው መብራት ሲሄድ የሚጠፋበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ማውሱን ይዞ ወደ ሜኑ ሄዶ የሚያስቀምጥ ሰው በየአንቀጹ አያደርገውም፤ ሐሳቡ ስለሚቋረጥበት ያቆየዋል፤ ሲያቆየው መብራቱ ይቀድመዋል። ጸሐፊው ይህን አንድ ቁልፍ እንኳ ቢያስቡት ኖሮ ሰዓቱ ይሰረዝ ባላሉ ነበር።

የመጨረሻው፣ አቋራጮች ለአማርኛ አይጠቅሙም የሚለው፣ ከሁሉም የቆረቆረኝ ነው፤ በራሳችን ቋንቋ የሚሠራ ሰው ከመሣሪያው ግማሹ ይበቃዋል እንደማለት ነውና። ጸሐፊው ቢ ማድመቂያ፣ ኤፍ መፈለጊያ የሆኑት በእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ስለሆነ እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው ለማስታወስ ይከብዳል ይላሉ። በከፊል ልክ ናቸው። ይሁንና ዜድ፣ ኤክስና ቪ በእንግሊዝኛም የትእዛዛቸው ቃል መነሻ አይደሉም፤ የሚታወሱት በቦታቸው ነው። ኤፍ 2፣ ኤፍ 4ና ኤፍ 9 ደግሞ ቁጥር ናቸው፤ ለአዲስ አበባው ጸሐፊም ለለንደኑም እኩል ናቸው። በዊንዶውስ የአማርኛው ኪቦርድ በርቶ ሳለም ኮንትሮልና ሲ ያው ኮፒ ነው። አንዳንድ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ቢያስቸግር እንኳ ፊደል የሌላቸው የቆዩት አቋራጮች አሉ፤ ኮንትሮልና ኢንሰርት ኮፒ ያደርጋሉ፤ ሺፍትና ኢንሰርት ይለጥፋሉ። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመሄድም ከታች በቀኝ ያለውን ትንሽ ምልክት በማውስ ማሳደድ አያስፈልግም፤ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ባር ይበቃሉ። በሁለት ቋንቋ ለሚጽፍ ሰው፣ ማለትም ለአብዛኛው የቢሮ ጸሐፊ፣ በቀን ውስጥ ከዚህ በላይ የሚደጋገም ምን አለ?

አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ አቋራጭ የሚፈልግበትም ቦታ አለ። ሦስት ሰዎች ተከፋፍለው የጻፉትን አንድ ሪፖርት አስቡ። አንዱ ጸሐፊ፣ ሁለተኛው ፀሐፊ፣ ሦስተኛው ጸሀፊ ብሎ ጽፏል። አንባቢ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ ኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በኮንትሮልና ኤፍ አንዱን የፈለገ ሰው ሌሎቹን አያገኝም። ኮንትሮልና ኤች የመተኪያውን መስኮት ይከፍታሉ፤ ከፀ እስከ ፆ ያሉትን ሰባቱን ፊደላት አንድ በአንድ ከጸ እስከ ጾ ባሉት መተካት ለመቶ ገጽ ሰነድ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የሰው ስም ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ባለቤቱ ስሙን በፀ ከጻፈ መብቱ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ ከመተካት እያዩ ማለፍ ይሻላል። በኤክሴልም ሁለት የስም ዝርዝሮችን ለማመሳከር የሚሞክር ሰው ግማሹ ስም አልተገኘም ሲባል ግራ የሚጋባው ብዙውን ጊዜ በዚሁ ሰበብ ነው።

«ፍለጋ በአማርኛ አይሠራም» የሚለው ስሞታቸው ግን ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ የኮድ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በየቢሮው በቆዩት፣ የተጻፈ ሰነድ ስክሪን ላይ አማርኛ ይምሰል እንጂ ውስጡ የላቲን ፊደል ኮድ ነው። እዚያ ሰነድ ውስጥ በዩኒኮድ ጽፎ መፈለግ ውጤት አያመጣም። ጥፋቱ የሰነዱ ነው፤ የቁልፉ አይደለም። ለአማርኛ የማይሠሩ አቋራጮች እንዳሉም ልመስክር። በወርድ ሺፍትና ኤፍ 3 ትልቁን ፊደል ወደ ትንሽ ይለውጣሉ፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ለእኛ ትርጉም የላቸውም። በኤክሴል የዕለቱን ቀን የሚያስገባው አቋራጭም የሚያስገባው የፈረንጁን ቀን ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚሠራ ሒሳብ አይሆንም። እነዚህን ለይቶ መናገር የአሠልጣኝ ሥራ ነው።

ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሡት አንድ ወገን አለ። ማየት ለተሳነው ሰው ማውስ አይጠቅመውም፤ ጠቋሚው የት እንዳለ አያይምና። ኤንቪዲኤን በመሰለ በነፃ በሚገኝ ስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ የሚሠራ ዓይነ ስውር ሠራተኛ ፋይል የሚከፍተው፣ ከመስኮት ወደ መስኮት የሚሻገረው፣ ደብዳቤ የሚያርመው በቁልፍ ብቻ ነው። ለእርሱ ኦልትና ታብ ፍጥነት ሳይሆኑ እንጀራው ናቸው። የአቋራጭ ቁልፎችን ሰዓት የሰረዘ መሥሪያ ቤት ለዚህ ሠራተኛ የኮምፒውተር ሥልጠናውን በሙሉ ሰርዞበታል። አጠገቡ የሚሠሩትም ቁልፎቹን ቢያውቁ ሲቸገር በቃል ሊነግሩት ይችሉ ነበር፤ «ይሄ ጋ ጠቅ አድርግ» የሚል ምክር ለእርሱ ምክር አይሆነውም።

እንግዲህ ሰዓቱ ይቆይ፤ አሰጣጡ ግን ይለወጥ። ሠልጣኙ ከራሱ ጠረጴዛ የመጣ ፋይል ይዞ ይምጣ። አሠልጣኙ መጀመሪያ ዝም ብሎ ሲሠራ ይመልከተው፤ በተደጋጋሚ ወደ ማውስ የሚሄደው ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ይመዝግብ። ከዚያ ለዚያ ሥራ የሚሆኑ አራት ወይም አምስት ቁልፎች ይስጠው። ለሒሳብ ሠራተኛው ኤፍ 2፣ ኤፍ 4፣ ኮንትሮል ከሺፍትና ከቀስት ጋር፣ ኦልት ከእኩል ይሆናል ጋር። ለጸሐፊዋ ኮንትሮልና ኤስ፣ ኮንትሮልና ኤች፣ የቋንቋ መቀያየሪያው፣ እንዲሁም ሰነዱ እንደተከፈተ ትናንት ያቆመችበት ቦታ የሚመልሳት ሺፍትና ኤፍ 5። ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ኤፍ 2 ከታብ ጋር፣ አዲስ ፎልደር የሚከፍተው ኮንትሮልና ሺፍት ከኤን ጋር፣ ከጠረጴዛዋ ስትነሣ ኮምፒውተሩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቁልፍ ከኤል ጋር። ከአንድ ወር በኋላ አሠልጣኙ ግማሽ ሰዓት ተመልሶ ይምጣ፤ በዚያ ወር ያልተነካውን ቁልፍ ከሠልጣኙ ወረቀት ላይ ይሰርዝ፤ በምትኩ ሠልጣኙ ራሱ የጠየቀውን ይጻፍለት።